የቀጸላ ቁልቁለት

ካርቱም ቁልቁለት የላትም። ዝናብ ሲጥል ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ግራ ይገባውና ፀሐይ እስክትጠጣው ድረስ ባለበት ተኝቶ ይጠብቃል። ሁለት ትልልቅ ወንዞች ከሩቅ ተራራ እየተንደረደሩ መጥተው የሚገናኙበት ከተማ እንዲህ ዝርግ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው በዕድሜው የወረደው ትልቁ ቁልቁለት ምናልባት የድልድይ ጫፍ ነው። ቀጸላም እስከ አርባ ዓመቷ ድረስ እንዲያ ነበረች።

ቀጸላን ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። አባቷ ተሰማ ወዳጄ ነው። ደባርቅ ላይ መምህር ሳለ በዚያ ክፉ ዘመን ሸሽቶ፣ ሊማሊሞን ወርዶ፣ በሁመራ በኩል ገዳሪፍ የገባ ሰው ነው። እሷ የተወለደችው እዚሁ ነው። አርካዊት ሰፈር ውስጥ አንድ የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ሆና ትሠራለች። እንግዳ ተቀባይ ይባል እንጂ ዋናው ሥራዋ የፈራ ሰው ማረጋጋት ነው። ጎልማሳው፣ ሽማግሌው፣ ባለ ማዕረጉ ሳይቀር መንጋጋውን ይዞ ሲንቆራጠጥ "መዓሌሽ ያ ሐጅ፣ አይዞህ፣ ምንም አያምም" ትለዋለች፤ ሰውየውም ያምናታል። እሷ ራሷ አንድም ጥርስ ተነቅላ አታውቅም።

ብስክሌት የገዛችው ቤንዚን የጠፋ ጊዜ ነው። የማደያው ሰልፍ ሰፈሩን ዞሮ ጭራውን ሊነክስ ደርሶ ነበር። አውቶቡስ የለም፣ ባለ ሦስት እግሩ ሪክሻም ዋጋውን ሰማይ ሰቅሎታል። አንድ ቀን ማርሽ ያለው አሮጌ ብስክሌት እየገፋች ግቢ ገባች። ተሰማ ከወንበሩ ቀና ብሎ አያት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ዐጀላ ነዋ፣ አባዬ።"

"እሱማ ብስክሌት መሆኑን አያለሁ። ሰው ምን ይላል ብዬ ነው።"

"ሰው አውቶቡስ ሲጠብቅ ውሎ ምንም የማለት ጉልበት የለውም።"

ነገሩ በዚህ አለቀ። በሳምንቱ ጠዋት ጠዋት እየነዳች ሥራ መሄድ ጀመረች። የምትቆመው እንደ ካርቱም ሰው ሁሉ በእግሯ ነበር። አቧራው ፍሬኑን ቶሎ ይበላዋል፣ መሬቱም ሜዳ ነውና ማንም ለማሠራት አይቸኩልም። ብስክሌተኛው ሁሉ ለመቆም ሲፈልግ ቀኝ እግሩን ያወርድና ጫማውን አስፋልቱ ላይ ይጎትታል። ፍሬን እዚህ አገር እንደ ታክሲ መጋረጃ ነው፤ ለመልክ የተሰቀለ።

ዓርብ ዓርብ ማለዳ በአባይ ዳር ተሰብስበው ብስክሌት የሚነዱ ሴቶች ነበሩ፤ ከእነሱ ጋር ገጠመች። መሪያቸው ሉጥፊያ የምትባል ረጅም የስፖርት መምህርት ናት። ለትምህርት ውጭ አገር ቆይታ ነበርና የተራራ ላይ ብስክሌት የተማረችው እዚያ ነው። ያ ዓመት መንግሥት የተለወጠበት ዓመት ነው፤ ሴቶቹ ትከሻቸው ቀና ያለበት፣ መንገድ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መሳቅ የጀመሩበት። ክረምቱ አልፎ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ሉጥፊያ አንድ ቀን አስቁማቸው እንዲህ አለች።

"ከኦምዱርማን ወዲያ መርኺያት ኮረብታ ላይ ካምፕ እናደርጋለን። አራት ጁምዓ። ቁልቁል መንዳት እንማራለን። በመጨረሻው ጁምዓ ሁላችንም ትልቁን መንገድ ከላይ እስከ ታች እንወርዳለን፤ እግር ከፔዳል ሳይነሳ።"

ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ቀጥሎ ሁሉም ዓይኖች ወደ ቀጸላ ዞሩ። ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ፋርማሲ ያላት አሚና፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት፣ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት።

"እኛስ ምን እናውቃለን፣ ጀበል ያየነው በቴሌቪዥን ነው። እሷ ግን ሐበሺያ ናት። የጀበል ልጅ፣ የተራራ።"

ቀጸላ እውነቱን ልትናገር ትችል ነበር። "እኔም እንዳንቺው ነኝ" ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። እሷ ግን፣ "አይዋ፣ እኛ አገር ልጅ መራመድ የሚማረው ቁልቁለት ላይ ነው" አለች።

ይህ የተሰማ አረፍተ ነገር ነው። ማታ ማታ ራዲዮኑን ዘግቶ ስለ ደባርቅ ሲያወራ የሚለው ነው፤ እኔም ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ስለ ገደሉ፣ ስለ ጉሙ፣ ከላይ ሆነህ ስታይ አሞራ ከእግርህ በታች ሲበር ስለሚታይበት ቦታ ይናገራል። ቀጸላ ይህን ሁሉ በአፏ ታውቀዋለች። በእግሯ አታውቀውም። ውሸት አልነበረም ብዬ አልከራከርም። ግን ሰው ዕድሜውን ሙሉ "አንቺ የዚያ አገር ነሽ" እየተባለ በመኖሪያ ፈቃድ ወረፋ ከቆመ በኋላ፣ ያ አገር አንድ ቀን እንኳ ይጠቅመኝ ይሆን ብሎ ቢሞክር ምን ይፈረድበታል?

በመጀመሪያው ዓርብ ሉጥፊያ ትምህርቱን የጀመረችው ከኮረብታው ግርጌ፣ ከአንዲት ጉብታ ላይ ነው። አቋቋሙን አሳየቻቸው። ከኮርቻው ብድግ፣ ጉልበት ላላ፣ ተረከዝ ወደ ታች፣ መቀመጫ ወደ ኋላ። ሁለት ጣት ፍሬኑ ላይ። ዓይን ከጎማው ፊት ሳይሆን ልትደርስበት ከፈለገችው ቦታ ላይ። የአሚናን ክርን አረመች፣ የሌላዋን ጉልበት ገፋ አደረገች፣ ቀጸላ ጋ ስትደርስ ግን "አንቺማ ታውቂዋለሽ" ብላ አለፈቻት። ቀጸላም ራሷን ነቀነቀች። ጉብታዋን ከሌሎቹ ጋር ወረደች፤ ትንሽ ናትና ማንም ይወርዳታል።

ቁርስ የሚበሉት ኮረብታው ሥር ምንጣፍ ዘርግተው ነው። ወቅቱ የነቢያት ጾም ነበር። ቀጸላ እስኪረፋፍድ ጠበቀች። አሚና ፉሉን ስታወጣ አይብ ያልነካው በትንሽ ሳህን ለብቻው ነበር።

"የእግዜር ሰው ስለሆንሽ አስቤልሻለሁ" አለች አሚና። "ግን በባዶ ሆድ ጀበል መውጣት ከየት የመጣ ነው?"

"ሆድ ባዶ ሲሆን ሰው ይቀላል።"

"እንዲያ ከሆነ እኔ እስከ ፋሲካችሁ ብጾምም አልቀልም።"

በሁለተኛው ዓርብ ወደ መካከለኛው ቁልቁለት ወጡ። ከላይ ሲታይ መንገዱ ጠጠር የለበሰ ነው። በግራው የጠቆረ ድንጋይ ተደርድሯል፤ ታች የቆመችው ያመጣቻቸው ቫን የክብሪት ቀፎ ታክላለች። ሴቶቹ መንገድ ከፈቱ። "ያላ፣ የጀበል ልጅ፣ አሳዪን" አለች አሚና።

ቀጸላ ጀመረች። ጎማው መንደርደር ጀመረ። እጇ ፍሬኑን ረሳው። ቀኝ እግሯ ግን አልረሳም። የአርካዊት ልማዱ መጣበትና ከፔዳሉ ወርዶ ጠጠሩን ይጎትት ጀመር። ጠጠር እንደ አስፋልት አይታዘዝም። ብስክሌቱ ጎኑን ዞረ፤ ቀጸላም በዝግታ፣ ሰው ሶፋ ላይ ጋደም እንደሚል፣ ከመንገዱ ዳር ተጋደመች።

ሲያነሷት ምንም አልሆነችም። ፊቷ ግን ቀልቷል።

"የኛ አገር ተራራ ሣር አለው" አለች አቧራዋን እያራገፈች። "ይሄ ጠጠር ብቻ ነው። አልለመድኩትም።"

"ሣር አለው" አሉ ሴቶቹ በአድናቆት። ማንም አልጠረጠረም። እንዲያውም አሚና ስለ ሣሩ ብዙ ጠየቀቻት፤ ቀጸላም አባቷ የነገራትን ሁሉ፣ ጓሳውን፣ ጅብራውን፣ ጭላዳ ዝንጀሮውን ነገረቻቸው። እየነገረቻቸው ግን ልቧ ታች ታች ይል ነበር። የመጨረሻው ዓርብ እየቀረበ ነው። ትልቁን መንገድ መጀመሪያ የምትወርደው እሷ እንደሆነች ሁሉም ወስነው ጨርሰዋል።

በሦስተኛው ዓርብ ሉጥፊያ ሁሉንም አስቀምጣ ጫማቸውን አውልቀው ጠጠሩን እንዲያራግፉ አዘዘች። በመካከላቸው ስትዘዋወር የቀጸላን ቀኝ ጫማ አነሳች። ገለበጠችው። ግራውንም አነሳች። ግራው የሶሉ ጥርስ እንዳለ ነው። የቀኙ ፊት ግን ተበልቶ እንደ ሳሙና ልሟል። ምንም ሳትናገር ሁለቱንም መለሰችላት፤ ሌሎቹ ለዕረፍት ሲበተኑም "ነይ ወዲህ" ብላ ከቫኑ ጀርባ ወሰደቻት።

"ይሄ ጫማ ጀበል አያውቅም" አለች። "ይሄን ጫማ የበላው የካርቱም አስፋልት ነው። የት ነው የተወለድሽው?"

ቀጸላ፣ "ኦምዱርማን" አለች። "ወሊድ ሆስፒታል።"

"እኔም እዚያ ነው የተወለድኩት።"

ነፋሱ የሉጥፊያን ሻርፕ እያነሳ ይጥለዋል።

"ለማንም አልናገርም፤ ያ ያንቺ ጉዳይ ነው" አለች ሉጥፊያ። "የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ታውቃለች ብዬ ሳላስተምርሽ ሁለት ጁምዓ አለፈ። አሚናን ስንት ጊዜ አረምኳት። አንቺን አንድ ጊዜ እንኳ አልነካሁሽም። ኻላስ፣ በቃ፣ ከአሊፍ፣ ከመጀመሪያው ፊደል እንጀምር።"

ቀጸላ ይህን ስትነግረኝ፣ "ጋሼ፣ ተያዝኩ ብዬ የማፍር መስሎኝ ነበር፤ ግን ጥርሱ ወልቆለት ከወንበሩ የሚነሳ ሰው አይተህ ታውቃለህ? እንደሱ ነው የሆንኩት" አለችኝ።

ሉጥፊያ ከውኃ ማሸጊያ ካርቶን ሁለት ቁራጭ ቀደደች። በእያንዳንዱ ጫማና ፔዳል መካከል አስገባችላት። "እግርሽ ከተነሳ ካርቶኑ ይወድቃል። ካርቶኑ ከወደቀ እግርሽ ዋሽቷል ማለት ነው።" ከቫኑ ጀርባ ካለችው ትንሽ አቀበት ላይ አሠራቻት። የመጀመሪያው ካርቶን ወዲያው ወደቀ። ሁለተኛውም። ቀጸላ አንስታ መልሳ ታስገባለች። ፍሬኑን በሁለት ጣት ቀስ እያደረገች መያዝ፣ መልቀቅ፣ መያዝ ተማረች። ሲይዝ የሚሰማትን ነገር መጀመሪያ አላመነችም፤ ዕድሜዋን ሙሉ መቆምን ከእግሯ ስትለምን ኖራ አሁን ከጣቷ ሲመጣ። ሌሎቹ ሲመለሱ ሁለቱም ካርቶኖች በየቦታቸው ነበሩ።

ቢሆንም ያቺ ትንሽ አቀበት እንጂ ትልቁ መንገድ አይደለችም። ቀጸላ ቤት ስትገባ እራት አላሰኛትም። ተሰማ አጠገቧ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ዳማ ልንጫወት።

"አባዬ፣ ሊማሊሞን እንዴት ነው የወረድከው?"

"እንዴት እወርዳለሁ? በእግሬ ነዋ።"

"አይደለም፤ በእውነት ንገረኝ። አልፈራህም?"

ተሰማ አንዴ እኔን፣ አንዴ የዳማውን ሰሌዳ አየ። አርባ ዓመት ሙሉ ያንን ቁልቁለት ሲተርክልን አብረውት ስለወረዱት ሰዎች፣ ስለ ውኃ ጥሙ፣ ስለ ወታደሮቹ ይናገር ነበር እንጂ ስለዚህ አንድም ቀን ጠይቀነው አናውቅም።

"የበቅሎ ጭራ ይዤ" አለ በመጨረሻ።

"ምን?"

"የነጋዴ በቅሎ ነበረች። ጭራዋን ያዝኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሷ ስትራመድ እራመዳለሁ፣ ስትቆም እቆማለሁ። ታች ስንደርስ ነጋዴው 'መምህር፣ አሁን መልቀቅ ይችላሉ' አለኝ። እኔ የደባርቅ ከተማ ልጅ ነኝ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ገደል አጠገብ ለሽርሽር እንጂ ለሌላ ነገር ሄጄ አላውቅም።"

"ልጅ መራመድ የሚማረው ቁልቁለት ላይ ነው አላልክም?"

"ልጅ አልኩ እንጂ እኔ አላልኩም።"

ቀጸላ መሳቅ ጀመረች። ተሰማ መጀመሪያ ተቀየመ፤ ቀጥሎ እሱም ከእኛ ጋር ሳቀ። ሳቁ እንባ እስኪያመጣበት ድረስ። እራቷንም ያን ጊዜ በላች። እኔ ወደ ቤቴ ስሄድ ያሰብኩት፣ ሰው ለልጁ የሚያወርሰው ድፍረቱን ብቻ እንደሚመስለው ነው። ያቺ ልጅ ግን ከአባቷ ድፍረት አርባ ዓመት ያላገኘችውን ከአባቷ ፍርሃት በአንድ ምሽት አገኘችው።

በመጨረሻው ዓርብ ተሰማ "እኔም እሄዳለሁ" አለ። አምጃድ በምትባለው ትንሽ ታክሲ ተሳፍረን ሁለታችንም ሄድን። ኮረብታው ሥር ስንደርስ ተሰማ በትሩን ተደግፎ ወርዶ፣ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ከታች እስከ ላይ አየው።

"ይሄ ነው ተራራው?"

"ይሄ ነው።"

"ይሄ ኩይሳ ነው" አለ። ድምፁ ግን እንደቃሉ አልነበረም። የፕላስቲክ ወንበር አምጥተውለት ከቫኑ ጥላ ሥር ተቀመጠ።

ሴቶቹ ብስክሌታቸውን እየገፉ ወጡ። ከላይ የሆነውን የነገረችኝ ኋላ አሚና ናት። ጫፉ ላይ እንደደረሱ እንደለመዱት መንገድ ከፈቱላት። ቀጸላ ሄልሜቷን አሰረችና ዞረች።

"አንድ ነገር ልንገራችሁ" አለች። "እኔ ኢትዮጵያን ረግጬ አላውቅም። የተወለድኩት ኦምዱርማን ነው። የወረድኩት ትልቁ ጀበል የኩበር ድልድይ ነው።"

"ሣሩስ?" አለች አሚና።

"ሣሩ የአባቴ ነው። እሱም በበቅሎ ጭራ ነው የወረደው።"

ቀጸላ ቀኝ ጫማዋን አነሳች፣ የተበላውን ፊት አሳየቻቸው። አሚና ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ የራሷን ቀኝ እግር አነሳች። የእሷም እንደ ሳሙና ልሟል። አንዷ አነሳች፣ ሌላዋ አነሳች። የኮረብታው ጫፍ ላይ በአንድ እግራቸው የቆሙ ሴቶች፣ ሁሉም የቀኝ ጫማቸው ፊት ያለቀ፣ አንዷ በአንዷ ትከሻ ተደግፈው መሳቅ ያዙ። እኛ ታች ሆነን ሳቁን ሰማን፤ ምክንያቱን አላወቅንም። ተሰማ፣ "ምን አግኝተው ነው?" አለ።

"እና አሁን ማን ይቅደም?" አለች አሚና ሳቋን ስትጨርስ። "የጀበል ልጅ የለችንም።"

"እኔ እቀድማለሁ" አለች ቀጸላ። "ማስመሰሉ ቀረ እንጂ መውረዱ አልቀረም።"

ከዚህ በኋላ ያለውን ከታች ሆኜ ያየሁት እኔው ነኝ። መጀመሪያ አንድ ነጥብ ከሰማዩ ጠርዝ ተለየች። ከኮርቻው ተነስታለች፣ ክንዶቿ ላላ ብለዋል፣ መቀመጫዋ ወደ ኋላ። ከኋላዋ አቧራው እንደ ነጠላ ጫፍ ይጎተታል። ከጥቁሩ ድንጋይ አጠገብ መንገዱ ይታጠፋል። እዚያ ፍጥነቷን ስትቀንስ አየሁ፤ በጣቷ፣ ልክ ሰው በር እንዳይጮህ ቀስ ብሎ እንደሚዘጋው። ቀኝ እግሯ ፔዳሉ ላይ ነበር። ተሰማ ክንዴን ይዞታል፤ ኋላ ሳየው ጥፍሩ ምልክት ትቶብኝ ነበር።

"እያየሃት ነው?" አልኩት።

"ዓይኔን አልጨፈንኩም" አለ።

የመጨረሻው ክፍል ከሁሉ ይልቅ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነው። እዚያ ስትገባ አንድ ድምፅ አወጣች፤ ጩኸት አይደለም፣ ዘፈንም አይደለም፤ ልጅ ዥዋዥዌ ላይ የሚያወጣው ዓይነት። ሜዳው ተቀበላት። ወደ እኛ መጣች፣ ፍሬኑን ያዘች፣ ጎማው ትንሽ ተንሸራቶ በትክክል ከአባቷ ወንበር ፊት ቆመ። ሁሉም በሥርዓቱ ነበር፤ ሁለት እግሮቿ ፔዳሉ ላይ፣ ዓይኗ ወደፊት። ቆማ ግን እግሯን አላወረደችም። እንዳታወርደው በካርቶን የተማረችውን እግር እንዴት ታውርድ? ብስክሌቱ ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ እሷንም ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ተጋደመ፣ ተሰማ እግር ሥር።

ተሰማ ከወንበሩ ጎንበስ አለ።

"እመቤቴ" አላት፣ የዚያን ነጋዴ ድምፅ አስመስሎ፣ "አሁን መልቀቅ ይችላሉ።"

ቀጸላ መሬቱ ላይ ተኝታ፣ ብስክሌቱ እላይዋ ላይ ሆኖ፣ እስክትደክም ሳቀች። ከኋላዋ ሌሎቹ መውረድ ጀምረው ነበር። አሚና በመጨረሻ መጣች፤ እግሯን ሁለት ጊዜ አውርዳለች፣ ማንም ግን አልቆጠረባትም። ፉሉ ወጣ፣ አይብ የሌለው ሳህን እንደተለመደው ለብቻው። ሉጥፊያ እዚያው ምንጣፉ ላይ ሆና፣ በመጪው ወር ሐጅ ዩሱፍ ውስጥ ልጃገረዶችን ማስተማር እንደምትጀምርና የፈሩትን የሚይዝላት ሰው እንደምትፈልግ ተናገረች። ቀጸላ አፏ ፉል ሞልቶ ስለነበር እጇን ብቻ አነሳች።

ልንሄድ ስንል ተሰማ አልተሳፈረም። ኮረብታውን ያያል።

"ከላይ ምን ይታያል?" አላት ልጁን።

"አባይ ይታያል። ኦምዱርማን በሙሉ። በዚያ በኩል ደግሞ አሸዋ ብቻ።"

"አሞራስ?"

"ዛሬ አንድ ነበር። ግን ከእኛ በላይ ነው የሚበረው።"

"ኩይሳ ስለሆነ ነው" አለ። "ውሰጂኝ እስቲ።"

ቀጸላ ብስክሌቱን አነሳች፣ መሪውን ይዛ ሽቅብ መግፋት ጀመረች። ተሰማ በትሩን ለእኔ ሰጠኝና ከኋላ የኮርቻውን ጫፍ ያዘ። ስትራመድ ይራመዳል፣ ስትቆም ይቆማል። እኔ ከታች ሆኜ በትሩን ይዤ አያቸዋለሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ዘወር ብላ አንድ ነገር አለችው፤ ምን እንዳለችው አልሰማሁም። እሱ ግን ነጻ እጁን አንስቶ ወደ ዓይኑ አመለከተ፤ ክፍት መሆኑን ሊያሳያት።